ዝም ያለው የግራ ስፒከር

ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ሲያቀናብር የኖረውን ሰው ባልደረቦቹ «ጆሮ ጠቢው» ይሉት ነበር። ሰላይ ሆኖ ሳይሆን፣ ሹክሹክታ የማታህል እንከን ከሙዚቃ መሀል ስለሚለቅም ነው። ጡረታ ሲወጣ የተመኘው ሳሎኑ ውስጥ ከአምፕሊፋየሩ ፊት ተቀምጦ፣ ማንም ሳያስቸኩለው ማዳመጥ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የግራው ስፒከር ዝም አለበት። ስታጸዳ ሽቦ ጎትታ ይሆናል ብሎ ሚስቱን ወቀሳት። እሷም ያን ድንጋይ የሚያህል አምፕሊፋየር በአንድ ጎን ይዛለት ጥገና ቤት ድረስ አብራው ሄደች።

ጠጋኙ ክዳኑን ፈትቶ አቧራውን ጠረገ፤ አንድ የላላ ብየዳ አግኝቶም አጠበቀው። ቤት ወስደው ሲከፍቱት ግን ያው ነው። ጆሮ ጠቢው አምፕሊፋየሩን ይዞ ከሚስቱ ጋር ተመልሶ ሄደና የማያውቁትን ሥራ መነካካት ነውር ነው ብሎ ጠጋኙን አፉ እንዳመጣለት ተናገረው።  ጠጋኙ የራሱን ስፒከሮች ገጠመለት፤ ድምፁ አሁንም ከቀኝ ብቻ መጣለት። ሽቦዎቹን ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ አዛወራቸው። አሁንም ከቀኝ ብቻ።

ጠጋኙ ቀና ብሎ ሚስቲቱን አያት። እሷ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ጋሼ፣» አለ ጠጋኙ፣ «እስቲ ወንበሩን ያዙሩትና ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ።»

ዞሮ ተቀመጠ። ሞቷል ያለው ስፒከር ጥርት አድርጎ ዘፈነለት፤ ሲዘፍን የነበረው ደግሞ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ሐኪሙ የግራው ጆሮ እንደማይመለስ፣ ቀኙም ያንኑ መንገድ እንደጀመረ ነገራቸው። ሲወጡ ሚስቱ በኋላው ዞራ በቀኙ በኩል መራመድ ጀመረች። ከቆየ ልማድ የመጣ አረማመድ ነበርና ያን ጊዜ ገባው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቆይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር፤» አለች ቀስ ብላ። «አልሰማኸኝም።»

ቤት ሲደርሱ አምፕሊፋየሩን ከጥገና ቤቱ ላምጣው አለችው። ተዪው አላት፤ የሚፈልገው ካለ ይውሰደው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የሚሰማውን ጆሮ ትራሱ ላይ አድርጎ ጋደም አለ። እሷ ከበስተኋላው አንድ ነገር ተናገረች። ምን እንዳለች አልጠየቃትም።