የአቦይ ብየዳ

አባታችን አቶ ዘርአጽዮን፣ እኛ «አቦይ» የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲግራት ስልክ ቤት የሠሩ ቴክኒሺያን ናቸው። አሁን የራሳቸውን ስልክ ማቀዝቀዣ ውስጥ እናገኘዋለን። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለን። መድኃኒታቸውን ቦሌ ካለው መድኃኒት ቤት የማመጣው እኔ ፊሊሞን ነኝ፤ እንደማያድናቸው የማውቀውም እኔው ነኝ።

ከእህቴ ከዊንታ ጋር ሦስት ሆነን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ጠዋት ሁለታችን ለሥራ ስንወጣ እሳቸው ብቻቸውን ይቀራሉ። አንድ ቀን ወጥተው ላምበረት መናኸሪያ ተገኙ። «ሥራ ረፍዶብኛል፤ የአዲግራት መኪና የቱ ነው?» እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ተመስገን ብለን ይዘናቸው ተመለስን። ሌላ ጊዜ ቢወጡ ግን እንደማናገኛቸው ሁለታችንም ገብቶናል።

ከውስጥ እንዳንቆልፍ፣ ቁልፉን በካቻቢቴ ፈታተው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል። ከውጭ ጓጉንቸር እንዳንሰቅል፣ እሳት ቢነሣ ማን ይደርስላቸዋል? ዊንታ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ልጅ ናት። በስልክ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ከበሩ ውጭ የሚገጠም የኤሌክትሪክ መቀርቀሪያ ልሥራ ብላ ተነሣች።

ነገሩን እኔም እስኪገባኝ አስረዳችኝ። መቀርቀሪያውን የሚስበው ሶሌኖይድ የሚባል ጥቅል ሽቦ ነው። ትእዛዙን የምትሰጠው ማይክሮኮንትሮለር የተባለችው ትንሽ ቺፕ ናት፤ ከእግሯ የሚወጣው ኃይል ግን ያን ብረት አይነቀንቀውም። ስለዚህ መሐል ትራንዚስተር ይገባል። ቺፗ ታዝዘዋለች፣ እሱ የባትሪውን ኃይል ለጥቅሉ ይለቃል።

«ዳዮዱስ?» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ስንል አቦይ ቆመዋል። እንዲህ ጥርት አድርገው ከተናገሩ ወራት አልፏል።

«ጥቅል ሽቦ እንደ በቅሎ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ስትይዢው ዝም ይላል፣ ስትለቂው ይራገጣል። ኃይሉ ሲቋረጥ ትራንዚስተርሽን በእርግጫ ይገድለዋል። ከጥቅሉ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዳዮድ እሰሪለት፤ እርግጫው እዚያው ዞሮ ይበርዳል። አምጪው፣ እኔ ልበይደው።»

ዊንታ ስለ ዳዮዱ አሳምራ ታውቃለች፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቷ የተመለሱላት መሰላት። እኔ በዓይኔ «ተይ» ብላት አላየችኝም፤ መበየጃውን ሰጠቻቸው። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ።

ሲጨርሱ ዊንታ ሥራውን ለማየት ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገችው።

«ምን ትፈልጊበታለሽ?» አሉ። አልተቆጡም፣ ኀፍረት ነው የተሰማቸው።

በእኛ ቤት አባት የሠራው አይፈተሽም። አቦይ የሰቀሉት መደርደሪያ ጠማማ ነው፤ እናታችን እስክትሞት ድረስ ጠማማ ነው ብላ አታውቅም፣ የሚንሸራተተውን ብርጭቆ ዝም ብላ ትመልስ ነበር። ዊንታም «ምንም አቦይ፣ ማማሩን እያየሁ ነው» አለችና የመቀርቀሪያውን ሣጥን ከድና ቡሎኑን አጠበቀች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። አባቱንስ እንዴት አድርጎ ይጠርጥር?

መቀርቀሪያው ለተወሰኑ ሳምንታት ሠራ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አዝመራ የአቦይን ምሳ ይዘው ሲመጡ በስልካቸው ይከፍታሉ፣ ሲወጡ ይዘጋሉ። እኛም ሥራ ቦታ ልባችን አረፈ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወይዘሮ አዝመራ ደወሉልኝ። «ፊሊሞን፣ በሩ ሳልከፍተው ተከፍቷል። አባታችሁ የሉም።» ለዊንታ ስደውልላት ስልኳን አየችና «ተቆልፏል እኮ ይላል!» ብላ ጮኸችብኝ። ቺፗ ያዘዘችውን እንጂ የሆነውን አታውቅም።

ላምበረት ደርሰን ለአንድ ተራ አስከባሪ ፎቷቸውን አሳየነው። «ኮት የለበሱት አባት? ጠዋት ስለ አዲግራት መኪና ጠይቀውኝ ነበር። ከዚያ የት እንደገቡ አላየሁም» አለን። ያልጠየቅነው ሾፌር፣ ያልገባንበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ፎቷቸውን ያልለጠፍንበት ቤተ ክርስቲያን የለም። አዲግራት ያሉ ዘመዶቻችንም እስከ ዛሬ መናኸሪያ እየወጡ ይጠብቋቸዋል። የሉም።

ዊንታ ሣጥኑን የከፈተችው ፍለጋው ካደከመን በኋላ ነው። ትራንዚስተሩ ተበላሽቶ ኃይሉን እንደለቀቀ ቀርቷል፣ መቀርቀሪያውም እንደተሳበ፣ በሩም እንደተከፈተ። ዳዮዱ ግን በቦታው አለ። ብየዳው ያብረቀርቃል፤ እንዲህ ንጹሕ ብየዳ አይቼ አላውቅም። ሁለቱም እግሮቹ የተበየዱት ከጥቅሉ አንድ ጫፍ ላይ ነው። ሌላውን ጫፍ የነካው የለም። ኃይሉ በተቋረጠ ቁጥር ጥቅሉ ትራንዚስተሩን ሲራገጠው ከርሟል።

እህቴን ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ጣቷን ብየዳው ላይ አድርጋ ስትዳብሰው ሳይ ግን አቃተኝ። እኔም ብሆን አልፈትሸውም ነበር። አሁን የምናደደው በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ያናድደኛል።

በማግስቱ ለሥራ ስንወጣ ወይዘሮ አዝመራ ደረጃው ላይ ያዙን። «በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ልትሄዱ ነው? ኧረ እኔ ልዝጋው!»

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ዊንታ። «ቁልፍ የላቸውም። እኛ በሌለንበት ቢመጡስ?»

«ሌባ ቢገባስ ልጄ?»

«ይግባ።»

ከዚያ ወዲህ በሩን ዘግተነው አናውቅም። እስካሁን የገባ የለም፤ ሌባም እንኳ።