ናዝራዊት የመረጠችው ጠባቂ

ናዝራዊት ዳባት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ካርድ ጠፋ ሲሏት አትደነግጥም። «ጠፋ ማለት ገና አልተፈለገም ማለት ነው» ትልና እጅጌዋን ሰብስባ ትነሳለች፤ ብዙውን ጊዜም ይዛው ትመለሳለች። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ደነገጠች።

የአባቷ ቅኔ ያለበትን ፍላሽ የሰካችው ገና አሁን ነው። ጠዋት ባለቤቷ ቢራራ በሚኒባሱ ደባርቅ ይዞት ሄዶ፣ ሙሌ ከሚባል የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ባለቤት ዘንድ ሠላሳ ገጽ አሳትሞ ነበር የመለሰው። በውስጡ አምስት ፎልደር ነበረ። አሁንም አምስት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽ የቀስት ምልክት ተቀምጦበታል፤ ስትነካውም አይከፈትም። መጠናቸውን አየች። አንድ አንድ ኪሎባይት። የሦስት ዓመት ድካም አንድ ኪሎባይት!

ሥራው የአባቷ ነው። መሪጌታ መልከ ጼዴቅ አርባ ዓመት ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከመምህራቸውና ከመምህራቸው ባልንጀሮች በቃል የተቀበሉት ቅኔ አብዛኛው በብራናም በወረቀትም የለም፤ ያለው እሳቸው ልብ ውስጥ ነው። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ናዝራዊት «አባባ፣ እርስዎ ይበሉ፣ እኔ ልጻፍ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሌላውም ቀን ከሥራ ስትወጣ፣ እሳቸው ይላሉ፣ እሷ ትጽፋለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅኔ ደርሰዋል። ጎንደር ያለ አንድ ማተሚያ ቤትም ጽሑፉን እንዲያስረክቡ ለማክሰኞ ቀጥሯቸዋል።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግልባጭ የኅዳር ነው። ጊዜው ደግሞ ግንቦት። ከኅዳር ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ያለው እዚህ ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ይህን ስታስብ በራሷ ተናደደች። የአገሩን ሰው ካርድ ጠባቂ፣ የአባቷን ቃል ጣት በምታህል ፕላስቲክ ላይ ብቻ አኑራ!

ፍላሹን ነቅላ ሙሌ ጋ ደወለች።

«ቫይረስ ነው» አላት ሙሌ፣ ምንም ሳይመስለው። «ፎልደሩን ሾርትከት የሚያደርገው ነው። ሰሞኑን የስንቱ ሰው ፍላሽ እንደዚያ ሆነ መሰለሽ! አታስቢ እህቴ፣ ዋነኛው አንቲቫይረስ አለኝ፤ ሙሉ ቨርዥን። ውጭ አገር በዶላር የሚሸጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ቁልፉ ተሰብሮ ነው የመጣው። ነገ በቢራራ እልክልሻለሁ።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቢራራ ከደባርቅ ሲመለስ ሌላ ፍላሽና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሙሌ በጥድፊያ እንዲህ ጽፏል፦ «መጀመሪያ የዊንዶውሱን መከላከያ አጥፊው። ከዚያ ጫኚው። ከዚያ ቁልፉን የሚሰብረውን፣ ክራክ የሚለውን ክፈቺ፤ አደገኛ ነው ቢልሽ እሺ ብለሽ እለፊው።»

ናዝራዊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፍላሹን አልሰካችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ቢራራ። «ማክሰኞ እኮ ጎንደር ነን። ጫኚውና እንገላገል።»

«ቢራራ፣ አንድ ሰው መጥቶ ቤትህን ልጠብቅልህ አለ እንበል። ከመግባቱ በፊት፣ ‹መጀመሪያ ውሻህን እሰርልኝ፤ ቢጮኽም አትስማው› ቢልህ ታስገባዋለህ?»

«ይሄ ሰው አይደለም፤ ሶፍትዌር ነው። ደባርቅ ያለ ሁሉ የሚጠቀመው ይሄንኑ ነው።»

«ፍላሹ የተበላሸበትስ ደባርቅ ያለ ሁሉ አይደል?»

ቢራራ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ቅኔው ያለበትን ፍላሽ ወስዶ የመለሰው እሱ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ መስሎ ተሰምቶታል። ቶሎ የሚያልቅ መፍትሔ ፈልጓል፤ ናዝራዊትም ይህ ገብቷት ክፉ ቃል አልጨመረችም።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር ሙሌ ከማን ተቀበለው?» ሲሉ ጠየቁ።

ናዝራዊት ደውላ ጠየቀች። ሙሌ ከባሕር ዳር ጓደኛው ተቀብሏል። ጓደኛውስ? ከቴሌግራም አውርዶታል። ቴሌግራም ላይ ያኖረው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

«ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ጉባኤ ልግባ ሲል መምህሩን እንጠይቀው ነበር» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «መምህሩን የጠራ ይገባል። ‹ከመንገድ ሰምቼ› ያለ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እስኪታወቅ ድረስ ከደጅ ይቆያል። እኔ የምለው ይህን ነው። የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ናዝራዊትም ታውቅበታለች። ስልኳን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። መንገዱን የሚያየው ይህ መስኮት ነው፤ ኔትወርክም ከሌላው ክፍል ይልቅ እዚያ ይበረታል። አንቲቫይረስ እየፈተሹ ውጤት የሚያወጡ ድረ ገጾችን አንድ በአንድ አነበበች፤ አንዱ ያለውን በሌላው አመሳከረች። በገንዘብ የሚሸጡት መልካሞች እንደሆኑ አየች፤ ሠሪያቸውም ይታወቃል። ነገር ግን የሚከፈሉት በውጭ አገር የባንክ ካርድ ነው፤ እሱ ደግሞ እነሱ ቤት የለም። ነጻ ከሚሰጡት አንዱን ከራሱ ከሠሪው ገጽ አውርዳ ጫነችው። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለው ኮምፒውተር ሊማሊሞን እንደሚወጣ የተጫነ መኪና ማቃሰት ጀመረ። አንድ ገጽ እስኪከፈት ቢራራ ምሳውን በልቶ ጨረሰ። በዚያ ላይ በየአፍታው ብቅ እያለ ገንዘብ ብትከፍዪ ከዚህ የተሻለ አለ ይላታል። ከኮምፒውተሩ አነሳችው።

የቀረው መጀመሪያውኑ ቤት ውስጥ የነበረው ነው፤ ሙሌ አጥፊው ያለው፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው መከላከያ። ፈታሾቹ እሱም ዛሬ ዛሬ ከሌሎቹ ጎን የሚሰለፍ ነው ይላሉ። ሠሪው ይታወቃል፤ ቁልፍ አይጠይቅም፤ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም። ታዲያ ለምን ቫይረሱን አላየውም? ከፍታ አየችው። ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው ከአሥራ አራት ወር በፊት ነበር። በዚያ ሁሉ ወር ስንት አዲስ ቫይረስ ተሠርቷል! እሱ የአንዱንም መልክ አያውቅም።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች። «ውሻውን ሳናበላ አክርመን፣ ጅብ ገባ ብለን እንከሰዋለን። ይህንኑ መከላከያ ነው የምመርጠው።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ቢራራ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

የስልኳን ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችና ማደሱን ጀመረች። መብራት እንዳይሄድ እየጸለዩ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ከዳር እስከ ዳር አስፈተሸችው። አንድ ቫይረስ ትናንት ፍላሹ ሲሰካ ገብቶ ተሸሽጎ ነበር፤ ተያዘ፤ ተወገደ። ከዚያ በኋላ ነው የአባቷን ፍላሽ የሰካችው፤ እሱንም ሳትከፍት በፊት አስፈተሸችው። ቀስት ያለባቸው አምስቱም ተለቅመው ወጡ።

ከዚያ ፍላሹን ከፈተችው። ባዶ ነው።

ቢራራ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «አጠፋሽው» አለ። መሪጌታ በቃላቸው ይደግሙት የነበረውን ዳዊት አቆሙ።

የናዝራዊት እጅ ግን አልቆመም። የፍላሹን መጠን ከፍታ አየች። ከግማሽ በላይ ተይዟል።

«አልጠፋም» አለች። «ባዶ ቢሆን ኖሮ ቦታውን ማን ያዘው? ቫይረሱ ደብቆት ነው።»

የተደበቀውን አሳይ የሚለውን ነካች፤ ምንም አልመጣም። ቫይረሱ ፎልደሮቹን የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች አስመስሎ ነው የደበቃቸው። ስልኳ ላይ ያነበበችውን ትእዛዝ እያየች ትእዛዝ በሚጻፍበት የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጻፈች። ፊደሉን አንድ በአንድ አረጋገጠች። ከዚያ ተጫነችው።

አንድ ፎልደር ወጣ። ሁለት። ሦስት። አምስቱም።

ቢራራ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና ሳቀ። ከትናንት ጀምሮ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ናዝራዊት ግን ገና አልሳቀችም፤ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች። ሁሉም ደኅና ነው፣ ከአንዱ በቀር። የሚያዝያውን የያዘው ፋይል ሲከፈት የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ መወድስ ነበረ። በሁሉም መንገድ ሞከረችው፤ አልተመለሰም።

«አባባ፣ አሥራ ዘጠኙ አልተገኘም» አለች።

«አሥራ ዘጠኝ ብቻ?» አሉ መሪጌታ። «እኔ እኮ ገና አልሞትኩም፤ ተቀመጪ።»

ያን ዕለት እስከ ማታ፣ ሰኞም ከሥራ ስትመለስ ጻፉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ድንገት አስቆሟት። መጀመሪያውን መልሳ እንድታነብላቸው ጠየቁ። አነበበች። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ቆየና አንዲት ግሥ ለወጡ።

«ባለፈው ያስጻፍኩሽ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «መምህሬ ያሉት አሁን ያልኩት ነው። ያን ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው ታትሞ ቢሆን ኖሮ በእሳቸው ስም ስሕተት አስቀምጬ ልሄድ ነበር።» «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ቀጠሉ።

ሰኞ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። ናዝራዊት ሥራውን ሦስት ቦታ አኖረችው፤ አንዱን ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱን ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ፣ አንዱን ኢሜይሏ ላይ። ማክሰኞ ባልና ሚስት ጎንደር ወርደው ጽሑፉን አስረከቡ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ናዝራዊት ግን የሙሌ ነገር ከልቧ አልወጣም። የግማሹ አገር ፍላሽ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። የተማሪው ማመልከቻ፣ የገበሬው ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የሰበካው ደብዳቤ። በተከታዩ ቅዳሜ አዲስ ፍላሽ ይዛ ቢራራ አጠገብ ተቀመጠችና ደባርቅ ወጣች። ጉም ከሰሜን ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖት ነበር፤ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ።

«ሠራልሽ?» አላት ሙሌ ገና ከበር ስትገባ።

«አልጫንኩትም።»

ፊቱ ተለወጠ። ናዝራዊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያደረገችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረችው። ከዚያ ከሦስቱ ኮምፒውተሮቹ በአንዱ የተሰበረውን አንቲቫይረስ አንስተው የዊንዶውሱን መከላከያ እንዲቀሰቅሱና እንዲያድሱ ለመነችው። እያቅማማ እሺ አለ። መከላከያው ሥራውን እንደጀመረ መጀመሪያ የያዘው ያንኑ ክራክ የተባለውን ፋይል ነበር።

«ይሄማ ያለ ነው» አለ ሙሌ። «አንቲቫይረስ ሁሉ የሌላውን ስም ያጠፋል።»

«ይሁን። እሱን ተወውና ይቺን እይ።»

አዲሱን ፍላሽ አውጥታ ማሸጊያውን ፊቱ ቀደደች። በጸዳው ኮምፒውተር አንድ ፎልደር ጫነችበት። የተሰበረው አንቲቫይረስ «ይጠብቀዋል» የተባለው ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ ራሱ እንዲሰካው ሰጠችው። ሰካው፤ አሥር ያህል ቆጥረው ነቀሉት፤ መልሶ ሰካው። ፎልደሩ ጥግ ላይ ቀስት ተቀምጧል።

ሙሌ ፍላሹን ነቅሎ በእጁ ያዘው። «ቫይረሱን የማድለው እኔ ነኝ ለካ» አለ።

«አላወቅህም። እኔም ባለፈው ሳምንት አላወቅሁም ነበር። አሁን ግን አውቀናል፤ ተነስ እንሥራው።»

ሦስቱንም ሲያጸዱ ዋሉ። በመካከል አንዲት ደብዳቤ የምታሳትም ሴት ፍላሽ ይዛ ገባች፤ ቸኩላለች። ሙሌ እጁን ዘረጋና ተቀበላት። «አንድ አፍታ ታገሺኝ፣ መጀመሪያ ይፈተሽ» አላት። ናዝራዊት ይህን ከሰማች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቢራራ ዳባት፣ ዳባት እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ደረሰችበት።

ቤት ስትገባ አባቷ ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር አስቀርበው ጠበቋት።

«መጽሐፉ አለቀ እኮ አባባ» አለቻቸው እየሳቀች።

«መጽሐፉ አለቀ» አሉ መሪጌታ። «እላይ ሰሜን ተራራ፣ ጊች ይኖሩ የነበሩ አንድ ካህን ግን ነበሩ። ወጣት ሳለሁ ሁለት ክረምት አብሬያቸው ከርሜያለሁ። ከእሳቸው የሰማሁትን አንድም አላስጻፍኩሽም። ትንሽ ዕረፊና እንጀምር።»

ናዝራዊት አላረፈችም። ጫማዋን አወለቀች፣ ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ መከላከያው ዛሬም መታደሱን አየች፣ «ይበሉ፣ እየሰማሁ ነው» አለች።