የባንዲራው ግራ ጫፍ

ጃንዋሪ 20 ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነበር። ተራራ ሥር ባለችው ዛኮፓኔ ከተማ፣ በረዶ ላይ ተንሸራትተው ከሚዘሉበት ትልቁ የስኪ መዝለያ ግርጌ፣ በሃያ ሺህ ሰው መካከል የባሌን ቀይ የሱፍ ቆብ አድርጌ ቆሜያለሁ። እሱ አሥራ አራት ዓመት የያዘውን የባንዲራ ጫፍ በዚያን ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩ።

ከዚያ በፊት ቦታውን የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ባሌ ሉትስያን በየዓመቱ በበረዶው ክረምት ከዜኖን ጋር በአውቶቡስ ይሄዳል፣ እኔ ቤት እቀራለሁ። ዜኖን የመንደራችን ትራክተር ጠጋኝ ነው፤ በዕድሜ ስለሚያንሰን እኔን እትዬ ጌኒያ፣ ባሌን ጋሼ ነው የሚለው። ባንዲራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር። በነጩ ላይ የመንደራችንን ስም፣ ሊፖቫን፣ ከጥቁር ጨርቅ እየቆረጥኩ በአንድ በኩል ሰፋሁበት። እዚያ የሚመጣ ሁሉ የመንደሩ ስም ያለበት ባንዲራ ይዞ ነው የሚመጣው። ዘላዮቹ አያነቡትም። ቤት ለቀረ ሰው ነው የሚዘረጋው።

ውድድሩ ሲያልቅ ሉትስያን ከአጥሩ ውጪ፣ የበግ አይብ ከሚጠበስበት ዳስ አጠገብ ቆሞ ይደውልልኛል።

"አየሽን?"

"አየኋችሁ።"

"እኔንስ?"

"አንተንም። ቀዩን ቆብህን አድርገሃል።"

ቆቡን ቦርሳው ውስጥ የከተትኩለት ራሴ ነኝ። እሱን ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ካሜራው በሕዝቡ ላይ ለሁለት ሴኮንድ ይሮጣል፤ ሁሉም ነጭና ቀይ ነው። መነጽሬን አድርጌ፣ ወንበሬን እስከ ቴሌቪዥኑ አስጠግቼ ፈልጌ አላገኘሁትም። የመጀመሪያውን ዓመት ደስ እንዲለው ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምመለስ ጠፋኝ።

ባለፈው ሰኔ፣ ሉትስያን ጓሮ ድንች ሲኮተኩት በዚያው ወድቆ ቀረ። በመጨረሻው ክረምትም ዋሽቼው ነበር።

በገና ሰሞን ዜኖን መጥቶ በር ላይ ቆመና፣ "ባንዲራውን ምን ላድርገው? ብቻዬን አይያዝም" አለኝ።

"እኔ እይዘዋለሁ" አልኩት።

ያ ባንዲራ አንዴ እንኳ በእውነት እንዲታይ ፈለግሁ። ያልኩትን ነገር እውነት የማደርገው እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ይዘፍናል። ባንዲራውን ተኩሼ፣ አጣጥፌ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። ስንደርስ ንፋስ ነበር፤ ዘላዮቹ ከላይ ሆነው እስኪበርድ ይጠብቃሉ፣ እኛ ታች ሆነን እንጠብቃለን። ዜኖን ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳልኝ። አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ አሳለኝ።

"ምን ጨምረህበታል?"

"የጋሼ ሉትስያን አሠራር ነው እትዬ። ሻዩን ለቀለም ብቻ ነበር የሚያደርገው።"

ከኋላችን ያሉ ወጣቶች ጥሩምባ ይነፋሉ። አንዱ ጆሮዬ ሥር ነፋና፣ "ይቅርታ እማማ፣ ቆቡ ጆሮዎን የሸፈነልዎት መስሎኝ ነው" አለኝ።

ከዚያ የመነሻው መብራት አረንጓዴ ሆነ። አሠልጣኙ እጁን ወደ ታች ጣለ፤ የመጀመሪያው ዘላይ ከላይ ተለቀቀ። በቴሌቪዥን የማይሰማ ድምፅ አለ። ሰውየው አየር ላይ ሆኖ በአናታችን ሲያልፍ፣ አዲስ አንሶላ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቀደድ ይመስላል። ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ሃያ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ስኪው በረዶውን ጧ ሲያደርገው ሁሉም ይጮኻል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ውጤቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አይቡ ነግሮኛል። ስለዚህ ድምፅ አልነገረኝም። ወይም ነግሮኝ አልሰማሁትም፤ ሲመጣ እኔ እራት እያቀረብኩ ነው የማዳምጠው። አሁን ልጠይቀው አልችልም።

የአገራችን ዘላይ ተራው ሲደርስ ዜኖን፣ "አሁን ነው! ካሜራው ወደ እኛ ይመጣል!" አለና ቀኙን ጫፍ ያዘ። እኔ የሉትስያንን ቦታ፣ ግራውን ያዝኩ። ስተኩሰው እንደማውቀው፣ የመጀመሪያውን ፊደል በእጄ አድርጌ ዘረጋሁት። እየሮጥን ሳብነው፣ ከፍ አደረግነው። ቆንጆ ነበር። ሊፖቫ የሚለውን ከራሴ በላይ አንድ በአንድ አነበብኩት።

"እማማ!" አለኝ ጥሩምባ ነፊው ከኋላ። "ሊፖቫ መሆናችሁን እኛ አውቀናል! ለሌላውም አሳዩ እንጂ!"

ከፊታችን ያለ ጢማም ሰው ዞሮ አየን። "ምንም አልተጻፈበትም" አለ። "አንሶላ ነው እንዴ ያመጣችሁት?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ባንዲራውን ከኋላው የያዘ ሰው ጽሑፉን ማንበብ የለበትም። በግራ የሚቆም ሰው መያዝ ያለበት የመጨረሻውን ፊደል ነው። እኔ ባንዲራውን የማውቀው ከፊት ነው፤ ከመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ከቴሌቪዥኑ በኩል።

"ዜኖን! ገልብጠነዋል!"

"ምኑን?"

"ፊቱን! ና፣ ቦታ እንለዋወጥ!"

እሱ በባንዲራው ፊት በኩል መጣ፣ እኔም በዚያው በፊቱ በኩል ሄድኩ፤ ጨርቁ ሁለታችንንም ከጢማሙ ሰውዬ ጋር ጠቀለለን። "በቁሜ ገነዛችሁኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰዉ ሳቀ። ከጨርቁ ሥር አንገቴን አውጥቼ ወደ ትልቁ ስክሪን ቀና ስል፣ እዚያ ነበርን። የተጠቀለለ ነጭና ቀይ ጨርቅ፣ ከጎኑ አንዲት ቀይ ቆብ ያደረገች አጭር ሴት። ቆቡን እንጂ ሴትዮዋን ወዲያው አላወቅኋትም። ሁለት ሴኮንድ። ከዚያ ሌሎች ሰዎች መጡ።

ባንዲራውን አስተካክለን እስከ መጨረሻው ያዝነው፤ እጄ ደነዘዘ። ካሜራው አልተመለሰም።

"አሥራ አራት ዓመት ፊቱን የሚያዞረው ጋሼ ነበር" አለ ዜኖን ስናጣጥፈው። "እኔ ጫፍ ከመያዝ በቀር ምን አውቄ።"

"አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት። "ሉትስያን ሲደውል አየኋችሁ እለው ነበር። አላየኋችሁም። አንድም ዓመት።"

ዜኖን የያዘውን ጫፍ አምጥቶ ከእኔው ጋር ገጠመው። ከዚያ፣ "እሱም ያውቅ ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"ከስድስት ዓመት በፊት ንፋሱ በርትቶ ዘበኞቹ ባንዲራ እንዳንዘረጋ ከለከሉን። ከቦርሳው አልወጣም። ጋሼ ደወለልዎ፣ እርስዎም አየኋችሁ፣ ባንዲራው ያምራል አሉት።"

"ምን አለ?"

"ስልኩን ዘግቶ ሳቀ። እስከ ቤት ድረስ እየሳቀ ሄደ። እንዳትነግራት አለኝ።"

"ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ይጠይቀኛል?"

"እንጃ እትዬ። አየኋችሁ እንዲሉት ይመስለኛል።"

ይህን ሲነግረኝ የሚቀለኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ስድስቱን ዓመት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ሾርባ ስንበላ፣ በአንድ አልጋ ስንተኛ፣ እሱ ያውቃል፣ እኔ ደግሞ አያውቅም ብዬ እጨነቃለሁ። አንድ ምሽት አብረን ብንስቅበት ኖሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

ከአጥሩ ወጣን። ዜኖን ሳያስበው አይብ ከሚጠበስበት ዳስ አጠገብ ቆመ፣ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ማን ጋ ልደውልልዎ?" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ባንዲራው እንዲታይ ስለፋ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው የመጣሁት። ቤት የቀረ ሰው አልነበረም።

"ማንም ጋ" አልኩት።

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። ሁለት አይብ ገዛ፤ ቆመን በላን። ከዚያ አውቶቡሳችንን ፈለግን።

በሚቀጥለው ክረምት ዜኖን ባንዲራውን ይዞ የሄደው ከዋርሳው ከመጣው የሚስቱ ወንድም ጋር ነው። እኔ ቤት ቀረሁ። ውድድሩ እንዳለቀ ስልኩ ጮኸ።

"አዩን እትዬ?"

"አላየኋችሁም" አልኩት።