ከጎኔ የተቀመጠው ሰው

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ የመንገድ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ፤ የመንግሥት ወረቀት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈልገው ምን ሊወስዱብኝ እንደሆነ ነው። ይሄኛው የሚወስድ ሳይሆን የሚጋብዝ ሆኖ አገኘሁት። የወጣቶች ፍትሕ ጉባኤ ይሉታል። ጥፋት የሠራ ልጅ ዳኛ ፊት ከሚቆም፣ ከበደለው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥና ይነጋገራሉ።

የሚያስፈልገው ሁሉ ተዘርዝሯል። አሥር ደቂቃ ቀድመው ይምጡ፤ ጠጥተው አይምጡ፤ ስልክዎን ይዝጉ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሻይና ብስኩት አለ። መጀመሪያ ልጁ ይናገራል፣ ቀጥሎ ተበዳይ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በመጨረሻ ልጁ የሚክስበት ዕቅድ ይጻፋል፤ ተበዳዩ ካልፈረመበት ዕቅዱ አይጸናም፣ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይመለሳል።

ይህችን የመጨረሻዋን በቀይ እርሳስ አሰመርኩባት። ስድሳ ሦስት ዓመት ስኖር እኔ ካልፈረምኩ የማይጸና ወረቀት አይቼ አላውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ ሃያ ዓመት አካፋ አስይዞኝ፣ የሠራተኞች አለቃነቱን ትናንት ለመጣ ልጅ ሲሰጥ ማንም አልጠየቀኝም። የእህቴ ባል በሠርጉ ቀን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ሲያስቀምጠኝም እንደዚያው። እንግዲህ አሁን ተራው የኔ ነው አልኩ። ሄጄ እሰማለሁ፣ ብስኩታቸውን እበላለሁ፣ አልፈርምም። ልጅቷ ፍርድ ቤት ትቁም።

ጥፋቷ ይሄ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ደረቴን ለመታየት ሐኪም ቤት ውዬ ስመለስ መሽቶ ስለነበር ጓሮ ሳልወጣ ተኛሁ። ጠዋት የእርግቦቼ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሌሊት ቀበሮ ገብቶበታል። ቀበሮ የሚበላውን ያህል ብቻ ገድሎ የሚሄድ አውሬ አይደለም። አርባ አንዱንም ጨርሷቸዋል። በማግስቱ ቅዳሜ የዓመቱ ትልቅ የእርግብ ውድድር ነበር፤ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ይለቀቃሉ፣ ቀድማ ቤቷ የገባች ታሸንፋለች። ጉራማይሌዋ እንስቴ በዚያ ዓመት የሚቀድማት እንዳልነበረ በከተማችን በሴስኖክ እርግብ የሚያረባ ሁሉ ያውቃል። ቲገን የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከጓሮዬ ስትወጣ ጎረቤት አይቷታል። ለፖሊስ «እኔ ነኝ» ብላ ቃሏን ሰጠች። ለምን ስትባል ዝም።

ደብዳቤው ደጋፊ ሰው ይዘው መምጣት ይችላሉ፣ ስሙን በቅጹ ሞልተው ይላኩ ይላል። አልላክሁም። ጉባኤውን የምትመራው ፊሊፓ የምትባል ሴት ደወለችልኝ።

«አቶ ክሌም፣ ብቻዎን ባይመጡ ይሻላል።»

«ሰው አለኝ።»

«ማን ልበል?»

«ሰው አለኝ አልኩሽ እኮ!» ዘጋሁባት። ማንን እንደማመጣ ምን አገባት?

ያለኝ ሰው ኔቪል ነው። በዚህ ከተማ ካሉት ወንዶች ቂም ያልያዝኩበት እሱ ብቻ ነበር። የእርግብ ክበቡ በሁለት ደቂቃ የሰዓት ክርክር ዋንጫዬን ለሌላ ሲሰጥ፣ ተነስቶ «ክሌም አይዋሽም» ያለ እሱ ነው። እሱም እርግብ ያረባል። የዚያን ሐሙስ ሐኪም ቤት በመኪናው የወሰደኝም እሱ። አብረኸኝ ና ስለው፣ «ልጅቷ ጎረቤቴ ናት እኮ፣ አይከብድም?» አለኝ።

«ለአንተ ነው ለኔ የሚከብደው?»

«እሺ ወንድሜ፣ እሺ። እመጣለሁ።»

በቀጠሮው ቀን የስካውቶች አዳራሽ ውስጥ ወንበሮች ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛ የለም። አንድ ወጣት ፖሊስ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ልጅቷ ከአያቷ ከዶሪን ጋር ገባች። ዶሪንን ከድሮ አውቃታለሁ፤ ምላሷ ምላጭ ነው። ልጅቷ ወደ እኛ ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባ አለች። እኔን ፈርታ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ግቢ እንጂ፣ አይበሉሽም» አለቻት አያቷ። «ክሌም ጥርስ ካጣ ስንት ዓመቱ።»

ኔቪል ሳቀ። ሳቁ በዛብኝ።

ፊሊፓ ሥርዓቱን ካነበበች በኋላ «ቲገን፣ የሆነውን ንገሪን» አለቻት።

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች መሬት መሬቱን እያየች ጀመረች። «ፀሐይ ሳትገባ ልደርስ ነበር። አውቶቡሱ አመለጠኝ። ስደርስ እየጨለመ ነው። በሩን ከፈትኩ። ይወጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አይወጡም። እጄን አጨበጨብኩ፤ ዝም ብለው ያዩኛል። እርግብ የማየው ቀን ቀን ነው፤ በጨለማ እንደማይበር አላውቅም ነበር። ኋላ ይወጣሉ ብዬ በሩን ክፍት ትቼው ሄድኩ።»

«እና ለምን?» ተራዬ ሳይደርስ አፌ አመለጠኝ። ፊሊፓ እጇን አነሳችብኝ።

«ልክ ነው፣ ለምን እንደከፈትሽው ንገሪን» አለቻት።

ዶሪን የልጅቷን ክንድ ነቅነቅ አደረገች። «ተናገሪ! አራት ወር ሙሉ እኔንም ደብቀሽኛል።»

ኔቪል ጉሮሮውን ጠረገ። «ኧረ እባካችሁ፣ ልጅ ናት። ልጅ ምን ምክንያት አለው? የዚህ ዘመን ልጆች በር ካዩ ይከፍታሉ። ይቅርታ ትጠይቀውና እንሂድ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል። «አንተ ዝም በል፣ ኔቪል! አንተ አይደለህም እንዴ ክፈቺው ያልከኝ?»

የሻይ ማፍያው ጥግ ላይ ይንተከተካል፣ እሱ ብቻ ይሰማኛል። ልጅቷ የምትናገረው ሌላ ክፍል ውስጥ ይመስል ከሩቅ ነው የሚመጣልኝ። እርግቦቹን እንድትለቃቸው፣ ዓርብ ማታ በቅርጫት ወደ ክበቡ ልወስዳቸው ስል በየጣሪያው ተበትነው እንዳልይዛቸው፣ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ራሳቸው እንደሚመለሱ፣ ማንም እንደማይጎዳ ኔቪል ነግሯታል። «አሥር ሰዓት ላይ ሂጂ፣ እኔ ሽማግሌውን ሐኪም ቤት አቆየዋለሁ» ብሏታል። ከትምህርት መልስ እርግቦቹን የምትቀልብለት እሷ ናት፤ ሁለት ጫጩት ሊሰጣት ቃል ገብቷል። እርግቦቼ ካለቁ በኋላ ደግሞ፣ አንቺ ልጅ ስለሆንሽ ምንም አያደርጉሽም፣ እኔን ግን ከክበቡ ያባርሩኛል ብሎ ለምኗታል።

ወደ ጎኔ ዞርኩ። ትከሻው ትከሻዬን እንደነካ ነው። ሰውየው ያው ኔቪል ነው፤ ያው የጆሮ ፀጉር፣ ያው የክበቡ ኮት። የሐኪም ቤቱን ወንበር አስታወስኩ። «ተራህ እስኪደርስ ሻይ ልግዛልህ» ብሎኝ ነበር፤ ሲመለስ ደግሞ ቀስ ብሎ ነዳ፣ ለደረቴ አስቦ መስሎኝ አመስግኜዋለሁ።

«ቀልድ ነበር፣ ክሌም» አለኝ። «በናትህ፣ ቀልድ ነው እኮ። አንድ ዓመት እንኳ ላሸንፍህ ፈልጌ ነው። ቀበሮውን እኔ አልላክሁትም!»

አልመለስኩለትም። እንዳይመስላችሁ፣ ለመናቅ ብዬ አይደለም። ስለ ሠርጉ ወንበር ሠላሳ ዓመት የተናገርኩ ሰው፣ ለዚህ አንድ ቃል አላገኘሁም። ብስኩቱ መቼ እጄ ገብቶ መቼ እንደደቀቀ አላውቅም።

ዶሪን ግን ቃል አላጣችም። «አንተ የአሳማ ልጅ! ከልጅ ጀርባ ተደብቀህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ ትሰጠኛለህ በአጥሩ ላይ!»

ፖሊሱ ቆቡን አድርጎ ተነሳ። «አቶ ኔቪል፣ ውጭ እንነጋገር።» ወጡ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ።

ሥርዓቱ ግን ቀጠለ። ልጅቷና አያቷ ዕቅዱን ለብቻቸው ለመምከር ወደ ማድ ቤቱ ገቡ። ፊሊፓ አጠገቤ መጥታ በዝግታ «ማቋረጥ ይችላሉ፣ አቶ ክሌም። ሌላ ቀን ማድረግ እንችላለን» አለችኝ።

«ሌላ ቀን ማንን ይዤ እመጣለሁ?» አልኳት።

ተመልሰው ዕቅዱን አነበቡት። ልጅቷ የይቅርታ ደብዳቤ ትጽፋለች። የእርግቦቹን ቤት አጥባ ታድሳለች፤ አሥር ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን። ፊሊፓ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ሁሉም አፌን ያያሉ። ልጅቷም ታየኛለች፤ አሁን ዓይኗን አልሰበረችም።

አልፈርምም ብዬ እንደመጣሁ አልረሳሁም። ወረቀቱ የኔን እጅ ይጠብቃል፣ እንደተመኘሁት። ግን ልጅቷን ፍርድ ቤት ባቆማት የሚቆመው ማን ነው? እሷ ብቻ። አራት ወር ሙሉ የትልቅ ሰው ጥፋት ተሸክማ አልተናገረችም። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ምስጢር የጠበቀልኝ ወዳጅ የለኝም።

«ደብዳቤ አልፈልግም» አልኩ። «ደብዳቤ ሰልችቶኛል። አውጡት።»

ፊሊፓ ሰረዘችው።

«ቅዳሜም አይሆንም።»

«ምነው? ልጅቷ በሌላው ቀን ትምህርት አላት» አለች ዶሪን።

ቅዳሜ የሌሎች እርግቦች በጣሪያዬ ላይ አልፈው ወደየቤታቸው የሚገቡበት ቀን ነው። የኔቪልም ያልፋሉ። ይህን ለእነሱ መናገር አልቻልኩም። ልጅቷ ግን ሁለት ዓመት የኔቪልን እርግብ ስትቀልብ የኖረች ናት።

«አያቴ፣ ቅዳሜ እኮ ውድድር ነው» አለች ቀስ ብላ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ።

«እሑድ» አልኳት። «በጠዋቱ። ጓንት ይዘሽ ነይ፣ የኔ ለእጅሽ ይሰፋል።»

ስሜን ስጽፍ ፊርማዬ ተበላሸ። ፊሊፓ ሌላ ወረቀት አውጥታ እንደገና አስፈረመችኝ።