የሁዳዴው ጠብታ

አባቴን መሪጌታ ገዳሙን አገሩ ሁሉ ጾም አክባሪ ይላቸዋል። እኔ ልጃቸው ግን ግትር ነው የምላቸው። ሁለቱ ነገር እርሳቸው ላይ ተደባልቆ፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር እግዜር ይወቀው።

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲስት ነኝ። ዘንድሮ የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ሲገፈፍ፣ የቁስሉን ቁጣ የሚያበርደውን የስቴሮይድ ጠብታ በእጄ ያስረከብኋቸው እኔ ነኝ። በቀን ስድስት ጊዜ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ጠርሙሱን ነቅንቆ። ግራ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው አውድማ ላይ ገለባ መትቶ አጥፍቶታል፤ የቀራቸው ይኸው አንዱ ነው። ዳዊቱንስ በቃላቸው ይደግሙታል፤ የደጃቸውን ደረጃ ግን በቃል መውረድ አይቻልም። ፋሻው ሲፈታ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርሁ፣ ወንድሜ የሽዋስ ተቀብሎ ደብረ ወርቅ ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዳቸው።

በስምንተኛው ቀን ደወለልኝ። «እቴ ትንቢት፣ የአባባ ዓይን ደም መስሏል። እኔን እንኳ በድምፄ ነው የሚለዩኝ።»

ሐኪሙን በስልክ ጠየቅሁት። «በየሰዓቱ አድርጊላቸውና አርብ ይዘሻቸው ነይ» አለኝ። «እስከዚያ ካልበረደ ለዓይናቸው እሰጋለሁ።» ፈቃድ ጠይቄ ረቡዕ በሚኒባስ ደብረ ወርቅ ገባሁ።

አባባ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው እውነትም ቀልቷል። ጉልበታቸውን ስሜ ጠየቅኋቸው።

«ጠብታውን አቋርጠዋል?»

«ምን በወጣኝ! በቀን ስድስቱን፣ አንድ ሳላጎድል።»

«በስንት ሰዓት በስንት ሰዓት?»

«ከቅዳሴ ወጥቸ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

«ስድስቱንም?»

«በተርታ!» አሉ፣ ኩራት በተሞላ ድምፅ።

መድኃኒት እንዲህ ሲቀጣ አይቼ አላውቅም። ዓይን አንድ ጠብታ እንኳ በቅጡ አይዝም፤ የተረፈው በጉንጭ ይወርዳል። ንዴቴን ውጬ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅሁ።

«የመጀመሪያው ቀን በጧት ብጨምረው ጉሮሮየ ላይ መረረኝ» አሉ። «የጾመ ሰው ጉሮሮ የደረሰ ነገር፣ በአፍ ገባ በዓይን ገባ፣ ያው ገብቷል። ደግሞም ነጭ ነው። በሁዳዴ ወተት የመሰለ ነገር ልጠጣ ኑሯል?»

«ኖራም ነጭ ነው፣ አባባ። የንስሐ አባትዎን አባ ኃይለ ሚካኤልን ለምን አልጠየቁም?»

«ብጠይቃቸው ለበሽተኛ ተፈቅዷል ይሉኛል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ስለዚህ ነው ያልጠየቅኋቸው።»

የሽዋስ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ዞረ። እኔ አልሳቅሁም። ከአጠገባቸው ተቀምጬ እንደ ተማሪ ቤት አስረዳኋቸው። «የዓይን የፊት ሽፋን ቅባት ነገር ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቅባት የሚስማማው ክፍል ተቀጥሎለት ነው የሚመጣው። ሽፋኑን ሲያልፍ ዓይንዎ ራሱ ያንን ቅጥያ ይቆርጥለታል፤ የሚሠራው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባ በይኛ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ከእኛ ወገን ነው!»

«ይሁንልዎ። ግን ብዙ አይቆይም። ጥቂት ሰዓት ሠርቶ ይሰባበራል፣ ከዓይን ውኃ ጋር ታጥቦ ይወጣል። በየሁለት ሰዓቱ ሌላ ካልተተካ ዓይንዎ ጠባቂ የለውም። እርስዎ ስድስቱን ባንዴ ያፈሱና ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑንም እስከ ዘጠኝ ባዶውን ያውሉታል። ዓይንዎን ነው ያስጾሙት!»

ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አኖሩ።

«ምሬቱሳ?» አሉ።

«ከዓይን ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርድ የእንባ ቦይ አለ። ዓይንዎን ጨፍነው፣ በአፍንጫዎ በኩል ያለውን ጥግ በጣትዎ ሁለት ደቂቃ ይጫኑት። ቦዩ ይዘጋል፤ መድኃኒቱም ለዓይን ይተርፋል።»

ጠርሙሱን ነቅንቄ አንድ ጠብታ ጣልሁላቸው። ጣታቸውን ጥጉ ላይ አኑረው አቡነ ዘበሰማያትን አራት ጊዜ ደገሙ። ከዚያ ምራቃቸውን ውጠው ጠበቁ። ዳግመኛ ዋጡ።

«አልመረረኝም» አሉ። ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሁለት ቀን ከአጠገባቸው አልራቅሁም። በየሰዓቱ ስመጣ «ደግሞ መጣሽ፣ አንች አለቃ!» ይሉኛል፤ ግን ጣታቸው ከእኔ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። ሐሙስ ማታ ቅላቱ የሳሳ መሰለኝ፤ ምኞቴ እንዳይሆን ፈርቼ ለማንም አልተናገርሁም።

አርብ ጧት ለመንገድ ስንሰናዳ ሻሼን ፈትቼ እያሰርሁ ነበር። አባባ አፍጥጠው ያዩኝ ጀመር። ሞራው ዓይናቸውን ከጋረደው አራት ዓመት አልፏል፤ በነዚያ ዓመታት ለእርሳቸው እኔ ድምፅና እጅ ብቻ ነበርሁ።

«ትንቢት።»

«አቤት አባባ።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ጸጉርሽ ነጭ ሁኖ የሚታየኝ መድኃኒቱ ገና ስላልሠራ ነው?»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬ ቀደመው።

«ሠርቷል አባባ» አልኋቸው። «የሸበትሁት እኔ ነኝ።»