በጀቱን ማን አመጣጠነው?

ምሳ ላይ ክፉ ነገር አይነሳም የሚባለው ለነዚህ ሁለት ሰዎች አይሠራም። ታላቅ ወንድምየውና የሟች እህታቸው ባል እሑድ እሑድ ሲገናኙ፣ ገና ሾርባው ሳይበርድ ዱላ ቀረሽ ክርክር ውስጥ ይገባሉ። ታላቅየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የቀድሞውን ገዢ ፓርቲ የነካ እናቱን የሰደበ ያህል ነው። የእህታቸው ባል ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ የአሁኑን ፓርቲ ካነሱበት ነፍስ አያውቅም። እሳትና ጭድ ናቸው። ታናሽ ወንድምየው፣ በአገሪቱ የበጀት መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው፣ መሃላቸው ተቀምጦ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ ሳይል ዳቦውን ይቆርሳል።

ያን ቀን የጀመረው ቴሌቪዥኑ ነው። ምርጫ ተቃርቧል። ከሁለት ዓመት በፊት የአገሪቱ ገቢና ወጪ ከስንት ዘመን ጉድለት በኋላ መመጣጠኑን አንስተው፣ ሁለት የምክር ቤት ሰዎች "እኛ ነን ያመጣጠንነው"፣ "ኧረ እፈሩ፣ እኛ ነን" ይባባላሉ።

"ስማ! ስማ እንጂ!" አለ ሹፌሩ፣ በማንኪያው ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ። "ግብሩን ያስተካከሉት የኛዎቹ ናቸው። እናንተማ በበሰለ ደረሳችሁ!"

"የምን የበሰለ? ባዶ ካዝና አይደል እንዴ ያስረከባችሁን! ወጪውን የቀነሰው ማን ሆነና?"

"ቀነሰ ይለኛል ደግሞ! የሰው ሱሪ ስታሳጥር ለምትውል ሰው መቀነስ ምን ይገርምሃል።"

ተሳቀ። ልብስ ሰፊው ራሱ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የሚሰማው በዚህ ጭቅጭቅ ሰበብ ብቻ ነው። ታናሽየው እሑድ የማይቀረው ለዚህ ነው፤ እሑድ በመጣ ቁጥር የልብስ ሰፊውን ፊት ማየት የሚከብደው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታቸው በዓመቱ አጋማሽ ላይ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ስድስት ወር ሙሉ ያልተነካ ገንዘብ ከተመደበበት ተነስቶ ወደ ካዝና ይመለሳል። ካልነኩት አላስፈለጋቸውም ማለት ነው ይባላል። ያን ዓመት ዝርዝሩ ለእሱ ተሰጠው፤ አራት መቶ አሥራ ሰባት መስመር። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ አንድ ሳያስቀር ሰረዘው። አለቃው "አንተ ሰው ሳይሆን መቀስ ነህ" ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ እሱም ደስ አለው። ሞኝ!

ከተሰረዙት አንዱ እህቱ የምትታከምበት ሆስፒታል የኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖች ማስጠገኛ ነበር። ገንዘቡ ያልተነካው ጨረታው ስለተጓተተ እንጂ ስላላስፈለገ አልነበረም። ደውሎ ቢጠይቅ በሁለት ደቂቃ ይነግሩት ነበር፤ አልደወለም። ከሦስቱ ማሽኖች ሁለቱ ቆሙ። በሳምንት ሦስቴ ትታጠብ የነበረች እህቱ አንዴ ካገኘችም ዕድለኛ ሆነች። እሱም እንደ ሰዉ ሁሉ ሆስፒታሉን ሲረግም ከረመ። ያቺን መስመር ልብ ብሎ ያያት እህቱ ከተቀበረች በኋላ፣ ሌላ ወረቀት ሲፈልግ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

"ምን ያጨቃጭቀናል?" አለ ልብስ ሰፊው ወደ እሱ ዞሮ። "ባለሙያው እዚህ ተቀምጦ! እስቲ አንተ ፍረደን። ማን ነው ያመጣጠነው? በእህትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ተናገር!"

በእሷ አጥንት ባይዘው ኖሮ እንደ ወትሮው በቀልድ ያልፈው ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ወይ ጉድ! ሦስተኛ ፓርቲ መጣ!" ብሎ ሹፌሩ ጠረጴዛውን መታ።

"አትሳቅ ጋሼ። እኔ ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዝርዝሩን፣ ማሽኖቹን፣ ያልደወለውን ስልክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም።

ሹፌሩ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "እንግዲህ እሱም የታዘዘውን ነው..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ገንዘቡ ስንት ነበር?" አለ ልብስ ሰፊው።

"አንድ አሮጌ መኪና አይገዛም።"

"ያቺ መስመር ባትሰረዝ በጀቱ ይጎድል ነበር?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይችል ነበር። ሁለቱም ቢዋሽ በወደዱ።

"አይጎድልም ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ የእሷ መቶ እጥፍ ተርፎ ነበር።"

ልብስ ሰፊው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ፊቱ ያለውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

"ዜናው የተነገረ ቀን ሆስፒታል ወረፋ ይዘን ነበር" አለ። "ያቺ የቀረችው ማሽን እስክትደርሰን። በሬዲዮ በጀቱ ተመጣጠነ ሲሉ፣ መቆም እንኳ ያቃታት እህትህ 'ደግፈኝ' ብላ ተነሳች። ወረፋ ላይ ያሉትን በሽተኞች አንድ በአንድ እየዞረች 'ወንድሜ ነው የሠራው፣ የኔ ወንድም ነው' ትላቸው ነበር። እነሱም እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።"

ታናሽየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ተው፣ ይበቃል የሚለው ሰው አልነበረም።