የንጉሡ እምቢታ

የታሪክ መጽሐፍ ዲዋን ማለት የንጉሥ ሚኒስትር ነው ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው እኛ ከተማ አልኖረም። በእኛ በምዕራብ ሕንዷ በካቲያዋር ንጉሡ ሲፈቅዱ በራሳቸው አፍ ይፈቅዳሉ፤ ሲከለክሉ በዲዋኑ አፍ ነው። ስለዚህ ንጉሡ የሞቱ ጊዜ ከተማው በሐዘን ጸጉሩን ተላጨ፤ አማቴ ዲዋን ሃርሻድራይ ሹመታቸውን የለቀቁ ጊዜ ደግሞ ጣፋጭ ታደለ።

ግዛታችን ከሕንድ ጋር ከተቀላቀለ ዓመታት በኋላ፣ ጎቫ በጠና ታሟል የሚል ወሬ መጣ። ጎቫ ገበሬ ነው፤ የአማቴ የልጅነት ጓደኛ። በድርቁ ዓመት የንጉሡ የሣር ክልል ለከብት እንዲከፈት ሊለምን ሲመጣ፣ አማቴ አይሆንም ብለው መለሱት። በሬዎቹ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ተባብለው አያውቁም።

እኔና አማቴ በበሬ ጋሪ ሄድን። ጎቫ ተጋድሟል፤ ከራስጌው የንጉሡ ፎቶ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ ተሰቅሏል።

«ዲዋን ሳሂብ መጣ» አለ፣ በሹመት ስማቸው። «ምነው፣ ሳትከለክለኝ የቀረ ነገር አለ እንዴ?»

አማቴ ሳቁ። ሻይ ሲቀርብ ጎቫ እንደ ልጅነታቸው ግማሹን በማስቀመጫው ሳህን ገልብጦ ሰጣቸው። ከዚያ ወደ ፎቶው እያየ፣

«ንጉሡ ቢሰሙ ይከፍቱልን ነበር» አለ። «አንተ ነህ የዘጋኸው።»

አሁንስ እውነቱን ይነግሩታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ስንመለስ አላስቻለኝም። እምቢ ያሉት ንጉሡ ሆነው ሳለ፣ የሞተ ሰው ኃጢአት መሸከም ለማን እንደሚበጅ ጠየቅኋቸው። ጋሪው በሣር ክልሉ አጠገብ እያለፈ ነበር፤ ዛሬ የማንም ከብት ይግጥበታል።

«ልጄ፣ ንጉሡን አልጠየቅኋቸውም» አሉ። «እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበር። ስንት ዓመት በእሳቸው ፈንታ እምቢ ስል ኖሬ፣ ለዚች ደግሞ ምን አደክማቸዋለሁ አልኩ።»

«ቢጠይቋቸው ይከፍቱት ነበር?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ተመልሰን ይህንኑ ለጎቫ እንንገረው አልኩ። አማቴ የደከሙትን በሬዎች አዩ።

«ነገ» አሉ፤ ባለጉዳይ ሲሸኙበት በኖሩት ድምፅ።

በማግስቱ ሄድን። የጎቫ ሬሳ በሚቃጠልበት እንጨት ላይ ለቀስተኛው አንዳንድ ፍልጥ ሲጨምር እሳቸውም ጨመሩ። የጎቫ ልጅ እጅ ነስቶ «ዲዋን ሳሂብ» አላቸው።

«ከዛሬ ወዲያ እንዲህ አትበለኝ» አሉት።

ልጁ ትሕትና መሰለው።